በስልክ የታየ እግር

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ በራሳቸው ጥያቄ ለብቻው ታሽጎ ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል፤ በሠፈሩ «ባለምስማሯ» ይባላሉ
ዕድሜ፦ ሃምሳ ሦስት
ሥራ፦ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ባለቤት
አድራሻ፦ ከክሊኒኩ መንገድ ተሻግሮ፤ ሱቁና መኖሪያው በአንድ ግቢ
ከተጎጂዋ ጋር ያላቸው ዝምድና፦ ታናሽ እህት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት
ጉዳዩ፦ ያልተሰጠን ሕክምና እንደተሰጠ አድርጎ ማስከፈልና በቸልተኝነት አካል ማጉደል

እኔ ስሜ ታሽጎ የተያዘው ምስክር፣ በሐሰት የተናገረ ሰው እንደሚቀጣ ተነግሮኝና ገብቶኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል እሰጣለሁ። መርማሪው ተረጋግቼ እንድናገር ጠይቆኛል። እኔም «የእህትህ እግር ቢቆረጥ አንተ ትረጋጋ ነበር?» ብዬዋለሁ። ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ብሎ ሊዘለው ሲል እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል።

ተጎጂዋ የአባትም የእናትም ልጅ፣ ታላቅ እህቴ ናት። እትዬ እላታለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ሕፃናትን ፊደል ስታስቆጥር ኖራ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። አላገባችም፣ አልወለደችም። የሠፈሩን ግማሽ ያስተማረችው እሷ ናት፤ እንዴት ነሽ ብሎ በሯን የሚያንኳኳ ግን አንድም የለም። ከፊት ያለው የእኔ ሱቅ ነው፣ ከኋላ ያለው ክፍል የእሷ ነው። ስኳር በሽታ ከያዛት ብዙ ዓመት ሆኗታል። በሽታው እግሯን አደንዝዞታል፤ ፍም ብትረግጥ ሽታው ካልነገራት በቀር አታውቅም። ስለዚህ እግሯ ዘወትር መታየት እንዳለበት ያየናቸው ሐኪሞች ሁሉ ነግረውናል።

ክሊኒኩ የሚገኘው ከሱቄ ፊት ለፊት ነው። በሬ ላይ ቆሜ ብጣራ ዶክተሩ ይሰማኛል። ነገር ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑና አሳንሰሩም ከተበላሸ የቆየ በመሆኑ እትዬ መውጣት አትችልም። ዶክተሩ መውረድ ይችላል፤ ሁለት ጤነኛ እግር አለው። አልወረደም። በዚያ ፈንታ «የርቀት ሕክምና ጀምረናል፤ ከቤትዎ ሳይወጡ ይታከማሉ» ብለው መዘገቧት። እኔ ያኔውኑ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብያለሁ። የሰማኝ ሰው የለም።

የክፍያው ሁኔታ እንዴት እንደነበር ተጠይቄ ስመልስ፤ ነርሷ በየሳምንቱ ትደውላለች። ጥሪው አሥር ደቂቃ ካልሞላ በነፃ ነው። ካለፈ ግን እንደ ሙሉ ምርመራ ተቆጥሮ ሂሳቡ ከእትዬ ጡረታ ላይ ይቆረጣል። ከዚህ ሌላ እትዬ በየወሩ የእግሮቿን ፎቶ፣ አንድ የቀኝ አንድ የግራ፣ በስልኳ አንስታ ትልካለች። ዶክተሩም «አይቶ» ውጤቱን በመልእክት ይልክላታል፤ ይህም ለብቻው ይከፈልበታል። አይቶ የምትለዋ ቃል በጥቅስ ውስጥ እንድትገባ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱን ስደርስበት እናገራለሁ።

ነርሷን እኔ «አፈ ቅቤ» ነው የምላት፤ የተረቱን ቀሪ ግማሽ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እትዬ ግን «ልጄ» ትላታለች። ስልኩ ሲጠራ እትዬ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ስለምታስቀምጠው ከሱቄ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። መጠየቅ የነበረባት ስኳሯ ስንት ገባ፣ መድኃኒቷን ወሰደች ወይ፣ እግሯ ላይ ቁስል አለ ወይ ነው። የምሰማው ግን ሰላምታ ብቻ ነበር። «እማዬ፣ እንዴት አደርሽ? እንቅልፍሽስ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? ድመቷስ ወለደች? ባለምስማሯስ ዛሬ ከማን ጋር ተጣላች?» ትላታለች። እትዬ ከት ብላ ትስቃለች። ከዚያ ድመቷ የት ጥግ እንደወለደች፣ የትኛው ግልገል ዓይኑን እንደገለጠ፣ የትኛው እንደከሳ ትዘረዝርላታለች። ወሬው ሊያልቅ ሲል ልጅቷ «ኧረ? ከዚያስ?» እያለች ታስቀጥለዋለች። አሥሩ ደቂቃ እንዳለፈ ግን ሥራ ይበዛባታል። «በይ እማዬ፣ እግርሽ ደህና ነው አይደል? ደህና ነው ብዬ ልጻፍ፤ ሰው እየጠበቀኝ ነው» ብላ ትዘጋዋለች። ይህ አንድ ቀን ብቻ የሆነ ነገር ሳይሆን ሁልጊዜ የነበረ ነው።

እትዬን «ሰላምታ እየገዛሽ ነው እኮ! ይህቺ ልጅ ጡረታሽን በእንዴት አደርሽ ትበላዋለች» ብያታለሁ። በሬ ካራጁ ይውላል ብዬም ተርቼባታለሁ። እሷም «ቅናት ነው የሚያናግርሽ። አንቺ ደንበኛሽን እንኳ ደህና ዋልክ ብለሽ አታውቂም» ብላ መለሰችልኝ። እውነቷን ነው፤ ምስማር ሊገዛ የመጣን ሰው ስለ ልጆቹ ደኅንነት አልጠይቅም። በዚህ ተኳርፈን ምግቧን በሯ ላይ አስቀምጬላት ብቻ የምመለስበት ጊዜ ነበር። ያን ሰሞን ካልሲዋን ራሷ ማጠብ ጀመረች። እኔም ኩርፊያ ነው ብዬ ተውኳት።

አንድ እሑድ ጠዋት የአልጋ ልብሷን ልቀይር ስገባ ክፍሉ ሸተተኝ። አይጥ የሞተ መስሎኝ አልጋውን ጎትቼ ሥሩን አየሁ። ምንም የለም። ሽታው ከእሷ ነበር። በዚያ ሙቀት ወፍራም ካልሲ አድርጋ ተቀምጣለች። «እስቲ እግርሽን አሳዪኝ» ስላት ከቀሚሷ ሥር ሰበሰበችው። በግድ ያዝኳት። የግራውን ካልሲ ስስበው አልወጣ አለኝ፤ ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል። በውሃ አርሼ ሳወጣው ከውስጥ እግሯ መግል ፈሰሰ። ትንንሾቹ ሁለት ጣቶቿ ጠቁረዋል። እግዚኦ ብዬ ጮኽኩ። የቤት ጫማዋን ባገላብጠው አንድ አጭር ምስማር ሶሉን በስቶ ጫፉ ወደ ውስጥ ዘልቆ አገኘሁት። እትዬ ምስማር ላይ ቆማ ስትሄድ፣ ስትመለስ፣ ቆማ ድመት ስታበላ ከርማለች።

ምስማሩ ከእኔ ሱቅ የወጣ መሆን አለመሆኑን ተጠይቄ፤ አዎ፣ የእኔ ነው። የምሸጠው ምስማር እንጂ ጥጥ አይደለም። አቤቱታዬ እንደደረሰው ክሊኒኩ ትናንት ለፖሊስ በሰጠው የጽሑፍ መልስ ጥፋቱ የባለሱቋ ነው ማለቱን መርማሪው አንብቦልኛል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ምስማር እንደሚወጋ እኔም አላጣሁትም፤ ስጠርግ ያመለጠኝ ምስማር ነው፣ ሌሊት እንቅልፍ ቢነሳኝ የእኔ ጉዳይ ነው። ነገር ግን እግሩን አይቶ ተወግቷል እንዲል በየወሩ የተከፈለው እኔ አይደለሁም።

ያን ቀን በታክሲ ወደ ሆስፒታል ወሰድኳት። ያያት ቀዶ ጥገና ሐኪም ቁስሉን ገልጦ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። «ይህ ሁሉ ሲሆን የት ነበራችሁ? ክትትል የላቸውም እንዴ?» አለኝ። አላቸው አልኩት፤ በስልክ።  ሐኪሙም መመረዙ አጥንቱ ውስጥ መግባቱን፣ ቀደም ብላ ብትመጣ በመድኃኒትና በማጠብ ይድን እንደነበር፣ አሁን ግን ሕይወቷን ለማትረፍ እግሯ ከጉልበት በታች መቆረጥ እንዳለበት ነገረኝ።  እትዬ ይህን ስትሰማ ስልኬን አቀብዪኝ ብቻ ነው ያለችው።

በማግስቱ ሰኞ ክሊኒኩ እንደተከፈተ ሦስቱን ፎቅ ወጣሁ። መቀበያው ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ «እማዬ፣ እንዴት አደርሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ?» ትላለች። ከሌላ አሮጊት ጋር ነው። በድምፅዋ አወቅኋት። መልኳን ከዚያ በፊት አላየሁትም፤ እሷም የእትዬን መልክ አይታ አታውቅም፤ በመካከላቸው ያለው አንድ መንገድ ነው። «ይህቺ ደግሞ የስንተኛ እናትሽ ናት?» አልኳት። «ቀጠሮ አለዎት?» አለችኝ። በዚህ ጊዜ ስልኩን ከነገመዱ ነቅዬ ወለሉ ላይ ከሰከስኩት። መስበሬን አልክድም፤ ዋጋውንም እከፍላለሁ። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። እያለቀሰችም «እኔ ምን ላድርግ? ሰላምታውን አታሳጥሩ ነው የተባልነው። አሥር ደቂቃ ያልሞላ ጥሪ ለእኛም ሥራ ሆኖ አይቆጠርልንም» አለች። አላዘንኩላትም። አሁንም አላዝንላትም።

ዶክተሩ ጩኸቱን ሰምቶ ወጣ። እስከዚያ ቀን አንቱ እለው ነበር። «ይረጋጉ እመቤት። ሰላምታም እኮ ሕክምና ነው፤ ብቸኝነትም በሽታ ነው። እህትዎ ከአገልግሎቱ ብዙ ተጠቅመዋል» አለኝ። «እግር በእንዴት አደርሽ የሚድን ከሆነ አንተ ምን ልትሠራ ተማርክ?» አልኩት። እሱም «እግራቸውን በየወሩ አይተናል» ብሎ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። «ይኸው ቀኝ፣ ይኸው ግራ። ሁለቱም የቅርብ ጊዜ ናቸው። የትኛው ላይ ነው ቁስል የሚታይዎት?» አለኝ። አንደኛው እግር ምንጣፍ ላይ፣ ሌላው አንሶላ ላይ ያረፈ ነው። የእትዬ እግር መሆኑን አውቀዋለሁ፤ ጥፍሯን የምቆርጥላት እኔ ነኝ። ቁስል ግን የለበትም። አፌ ተያዘ። የሚያውቀኝ ሰው ይህን ቢሰማ አያምንም። ዶክተሩም «እንግዲህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባዎት» አለኝ። ሦስቱን ፎቅ ወረድኩ።

ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል ሄጄ ያየሁትን ለእትዬ ነገርኳት። «ፎቶው ላይ ግራ እግርሽ ጤነኛ ነው። እኔ ነኝ ያበድኩት ወይስ እነሱ?» አልኳት። «ሁለቱም ቀኝ ናቸው» አለችኝ። አልገባኝም። «ቀኙን ነው ሁለት ጊዜ ያነሳሁት፤ አንዴ ምንጣፉ ላይ፣ አንዴ አንሶላው ላይ» አለችኝ። ስልኳን ከፍቼ ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አየኋቸው። በሁለቱም አውራ ጣቱ በአንድ ወገን ነው። ዶክተሩ ፊት ቆሜ በንዴት ያላየሁት እኔም ነኝ፤ ግን ለማየት የተከፈለኝ እኔ አይደለሁም።

ለምን እንዲህ እንዳደረገች የነገረችኝን ተጠይቄ ስመልስ፤ ካልሲዋ ላይ ደም ያየች ቀን መቁሰሏን አውቃለች። ቁስሉን ካዩ ሆስፒታል እንደሚልኳት፣ ሆስፒታል የገባ ሰው ከስልክ ክትትሉ እንደሚወጣ፣ ያኔ ልጅቷ መደወሏን እንደምትተው ፈራች። በጨው ውሃ እያጠበች ይሽርልኛል ብላ ደበቀችው። ቃል በቃል እንዲህ አለችኝ፤ «ፎቶውን በላክሁ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ዶክተር ቀኝና ግራ አይለይም አላልኩም፤ አንደኛ ክፍል ያሉ ልጆቼ እንኳ ይለያሉ። አይተው ይጠይቁኛል፣ ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ጠዋት ሁለቱም ደህና ናቸው የሚል መልስ መጣ። በሚቀጥለውም ወር እንደዚያው ላክሁ፤ እንደዚያው መለሱ።» ይህን ስሰማ ጮኽኩባት። ስለ ድመት ለዚያች ልጅ የምታወሪውን ያህል ለእኔ ብታወሪኝ ምን ነበረበት አልኳት። ከዚያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በእሷ ተናድጄ ይሁን በእነሱ ወይም በራሴ፣ አሁንም ለይቼ መናገር አልችልም።

ረቡዕ ዕለት እግሯ ተቆረጠ።

ክሊኒኩ በመልሱ ላይ «ታካሚዋ አታለውናል» ማለቱ ተነግሮኝ፤ የሚታለል ዓይን መጀመሪያ ማየት አለበት ብዬ መልሻለሁ። እግሯ መቆረጡን አላወቅንም ሊሉ አይችሉም። ኦፕራሲዮኑ ባለቀ በሦስተኛው ቀን ከክሊኒኩ አንድ ሰውዬ ብርቱካን ይዞ መጥቶ፣ «ዶክተሩ በጣም አዝነዋል» ብሎ፣ የታሰረውን እግሯን አይቶ ሄዷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ብርቱካኑን አጠገቧ ላለችው ሕመምተኛ ሰጥቼዋለሁ።

እኔ ያን ጊዜውኑ ልከስ ስል እትዬ ከለከለችኝ። «ልጅቷን ከሥራዋ ታስባርሪያታለሽ። ማንም ባልጠየቀኝ ጊዜ የጠየቀችኝ እሷ ናት። ገንዘብ እንደሚቆርጡብኝ ያላወቅኩ ይመስልሻል? አውቄ ነው የከፈልኩት» አለችኝ። ለፖሊስም አንድ ቃል አልናገርም አለች። ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛለች። የሆስፒታሉ ነርስ ስትገባ ድምፁ ክፍት መሆኑን እዪልኝ ትላታለች። ልጅቷ ግን አልደወለችም። በተለመደው ቀን እትዬ ፀጉሯን አስበጥራ ስትጠብቅ ውላ፣ መሥመር ተበላሽቶ ይሆናል ብላ እኔኑ ከኮሪደሩ ሆኜ ወደ ራሷ ስልክ እንድደውል ላከችኝ። ደወልኩላት። መሥመሩ ደህና ነበር።

ባለፈው ዓርብ ከክሊኒኩ መልእክት መጣ። ልጅቷ የጻፈችው ሳይሆን በየወሩ ለሁሉም የሚሄደው ነው። «ውድ ደንበኛችን፣ የዚህን ወር የእግሮችዎን ፎቶ ይላኩልን» ይላል። እኔ ስልኩን ልወረውረው ነበር። እትዬ ቀማችኝና «አንሺልኝ» አለችኝ። ምኑን አልኳት። «ቀኙን። ከዚያ ግራውን» አለች። «አብደሻል እንዴ እትዬ?» አልኳት። «አንሺ አልኩሽ!» አለችኝ፤ ክፍል ውስጥ የምትቆጣበት ድምፅ ነው። ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ቀኙን አነሳሁ። በግራ በኩል ፋሻው ጉልበቷ ሥር ያልቃል፤ ከዚያ በታች ያለው አንሶላ ነው። ባዶውን አንሶላ ፎቶ አነሳሁ።  የላከችው እሷ ራሷ ናት።

መልሱ ቅዳሜ ጠዋት ደረሰ። ቃሉ እንዲህ ይላል፤ «የላኩልን ፎቶዎች በሐኪም ታይተዋል። ሁለቱም እግሮችዎ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛሉ። በዚሁ እንክብካቤዎ ይቀጥሉ።» ወዲያው ሂሳቡ መቆረጡን የሚገልጽ ሌላ መልእክት ተከተለ። ሁለቱንም መልእክቶችና የአንሶላውን ፎቶ ለመርማሪው አሳይቻለሁ። መርማሪው የአንሶላውን ፎቶ ደጋግሞ አይቶ ተነስቶ ውሃ ጠጥቷል። ይህንንም ጻፍ ብዬዋለሁ።

እትዬ መልእክቱን እስከ መጨረሻው አነበበችው። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፤ ያን የማደርገው እኔ ነኝ። ስልኩን ዘርግታ ሰጠችኝና «ሂጂ ንገሪያቸው» አለችኝ። «ልጅቷንስ?» አልኳት። «ልጅቷንም» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። እግሯ ሲቆረጥ አላለቀሰችም ነበር።

በመጨረሻ የምጨምረው ካለ ተጠይቄ፤ የለኝም፣ ያለኝን መርማሪው አልጽፍም ብሏል። ይህ ቃል ከአፌ እንደወጣ ተጽፎ፣ ተመልሶ ተነቦልኝ የሰማሁት ነው። አንዳንድ ስድቦቼ ለስልሰው ስለተጻፉ በዚያ አልተስማማሁም፤ ከዚያ በቀር የተናገርኩት ሁሉ ያየሁትና የሰማሁት እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል

የመርማሪው ማስታወሻ፦ የምስክሯ ቃል እንደተጠናቀቀ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል የተጎጂዋን ቃል በስልክ ለመቀበል ወደ ሆስፒታል ደውዬ ነበር። ተጎጂዋ ማንነቴንና የደወልኩበትን ምክንያት ከጠየቁ በኋላ «በስልክ አልናገርም። መጥተህ እየኝ፤ ከዚያ ትጽፋለህ» ብለው ዘግተውታል። በመሆኑም ቃላቸውን በአካል ለመቀበል ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታሉ ሄጃለሁ።